የእረኛው ገበታ በመንዝ

እንግሊዞች ሼፐርድስ ፓይ የሚሉትን መብል፣ ይኸውም የተከተፈ የበግ ሥጋ ተቀቅሎ በተደቆሰ ድንች ተለብጦ ላዩ እስኪቀላ ድረስ የሚጋገረውን፣ ለመንዝ እረኛ ብንገልጽለት፣ አስቀድሞ የሚጠይቀን ስለ አሠራሩ ሳይሆን ስለ በጉ ባለቤት ይመስለኛል፤ እርሱ እንደሚያውቀው የበጉ ጠጉር ለባና፣ ሥጋው ለአዲስ አበባ የበዓል ገበያ ሲሆን፣ የእረኛው ድርሻ የገብስ ቆሎ ነውና።

መብሉ ከእሑድ ጥብስ የተረፈ ሥጋ ሰኞ የሚታደስበት ዘዴ ነበር ይባላል። የተረፈ ሥጋ! በእኛ ደጋ ከበግ የሚተርፈው ቆዳው ብቻ ነው፤ እርሱም ደበሎ ሆኖ ይለበሳል። ይተርፋል ብንል እንኳ ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ በየተራ ደጅ ቆመው ይጠብቁታል።

የሆነ ሆኖ ልሞክረው ለምትል ባልቴት ድንቹን ጀርመናዊው ሺምፐር በ1858 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን አስገብቶላታል፤ ድፎ ዳቦን ከላይና ከታች በፍም መጋገር የለመደች እጅም የፈረንጅ ምድጃ አያሻትም። የሚያስቸግራት ውኃው ነው፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ድንቹ እስኪበስል ኩበቱ ይነድዳል፣ እንግዳውም ይርበዋል። የመብሉ ሊቃውንት ደግሞ በርበሬ እንዳይነካው ደንግገዋል። ሕጉን አክብራ ብታቀርበው፣ አባወራው በጨዋ ደንብ ጎርሶ፣ «መልካም ነው፤ ለበሽተኛ ይስማማል» ይልና፣ «እስቲ አዋዜውን ወደዚህ በይው» ብሎ እጁን ይዘረጋል።