ጣት አዲስ አበባ፣ ፊደል ለንደን

አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ለንደን ያለ ኮምፒውተርን ማዘዝ ትልቅ ሥልጣኔ ነው፤ የይለፍ ቃል እስኪጠየቁ ድረስ። በሪሞት ዴስክቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር የሚሻገረው የተጫኑት ቁልፍ ቁጥር እንጂ ፊደሉ አይደለም። ቁጥሩ ምን እንደሆነ የሚበይነው ወዲያ ማዶ ያለው ዊንዶውስ ነው። ሺፍትና 2 በአሜሪካው ኪቦርድ @ ሲሆኑ፣ በእንግሊዙ ትምህርተ ጥቅስ ናቸው። የይለፍ ቃልዎ ውስጥ @ ካለ እንግዲህ ጉድ ፈላ! የሚታየው ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ ማሽኑም በትሕትና «ተሳስተዋል» ይልዎታል። ደጋግመው ከሞከሩ መለያዎ ይቆለፋል፤ ለደኅንነትዎ ሲባል።

የአይቲ ክፍሉ መድኃኒት የታወቀ ነው፦ አጥፍተው ያብሩት። ቁልፉን በተጠቃሚ ስም ሳጥን ውስጥ፣ ፊደሉ በግልጽ በሚታይበት ቦታ፣ ይሞክሩት የሚል የለም። እንዲህ ቀላል ምክር የባለሙያ ክብር የሚነካ ሳይሆን አይቀርም።

አልት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። አልትና ታብ ተጭነው ከመስኮቱ ሲወጡ፣ አንዳንዴ መጫኑ ይሻገርና መልቀቁ እዚህ ይቀራል። የለንደኑ ማሽን ጣትዎ ከቁልፉ እንዳልተነሣ አምኖ ይጠብቃል፤ እንዲህ ያለ ታማኝነት ከሰውም አይገኝ። ተመልሰው ደብዳቤ ሲጀምሩ በፊደል ፈንታ ሜኑ ይዘረጋል። አልትን አንዴ ነካ አድርጎ መልቀቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ይህ ግን ለሪፖርት አይመችም፤ ስለዚህ «የኔትወርክ መቆራረጥ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ይህን የሚጠራጠር አለቃ ደግሞ እዚህ አገር አልተወለደም።