ለመርማሪ የማትመች ከተማ

የጦርነት ዘመን የወንጀል ምርመራ ልቦለድ መጻፍ ያማረው ሰው፣ ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ቤት ባይከራይ ይሻለዋል። እኔን ያየ ይቀጣ!

ታሪኩ ለክፉ አይሰጥም ነበር። ዘመኑ 1930 ዓ.ም.፣ ጎጃም በጣሊያን ላይ የተነሣበት፤ ቦታው እዚሁ ባሕር ዳር። ከጦሩ ግምጃ ቤት ጥይት በየሌሊቱ ይጎድላል። የካራቢኔሪ (የጣሊያን ፖሊስ) መርማሪ ጢሙን እያሻሸ ብቅ ይላል። ይህችን በሆዴ ይዤ ጎረቤት ቡና ተጠራሁ፤ አፌ አላስችል አለኝ።

አቦሉ ሳይቀዳ እማሆይ፣ "ለጣሊያኑ ወጥ የሚሠራለት ማን ነው?" አሉ።

"አንዲት ሴትዮ ናት፤ ግን እኮ..."

"በቃ እሷ ናታ! ጥይቱን በበርበሬ አቁማዳ ነው የምታወጣው። የትኛው ፈታሽ ነው በርበሬ ውስጥ እጁን ከትቶ ዓይኑን የሚያሽ?"

ሃያ ምዕራፍ ያሰብኩለት ምስጢር ቶና ላይ ሳይደርስ አለቀ።

እንግሊዞች ታድለው! "ፎይልስ ዋር" በተባለው ተከታታይ ፊልም፣ መርማሪው ፎይል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሐል ሄስቲንግስ ከተማን ሲያስስ ለአንድ ገዳይ አንድ ሙሉ ክፍል ይፈጅበታል። እኛ ዘንድ ሁሉም ያውቃል፤ የሚጠፋው ተናጋሪ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ሌባ ሲጠፋባቸው አውጫጭኝ ይጠሩ ነበር፤ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ እየማለ ያየ የሰማውን ይናገራል፣ የቀረ ይቀጣል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፈው "አፈርሳታ" ልቦለድም በዚሁ ሥርዓት ቤት አቃጣይ ይፈልጋል።

ጠያቂው ጠላት ሲሆን ግን ያው ሕዝብ ድንገት ዓይኑም ጆሮውም ይጠፋል። ጣሊያን የውስጥ አርበኛዋን ሸዋረገድ ገድሌን አስሮ፣ አሰቃይቶ፣ አዚናራ ደሴት ድረስ አጋዘ። እሷ ተመልሳ መጥታ አርበኝነቷን ቀጠለች። እንዲህ ባለ አገር መርማሪ ሆኖ ደሞዝ መብላት በራሱ ወንጀል ነው።

ስለዚህ ልቦለዴን ገለበጥኩት። ጥይቱን ማን እንደወሰደ ከመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል፤ የሚያስገርመው ከተማው በሙሉ እያወቀ መርማሪው ብቻ ሳያውቅ መክረሙ ነው። በዚህ ኮራሁና፣ እማሆይ "ቀጥሎ ማን ይሞታል?" ሲሉኝ እንደ አርበኛ ጥርሴን ነክሼ፣ "አላየሁም፣ አልሰማሁም" አልኳቸው።

በረካቸውን እየተቀበሉ፣ "ባንዳው ነዋ!" አሉ። "ይህንንም ደበቅሁ ብሎ!"