ካርቶኑ የት ደረሰ? በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ በመኪና ስለሚላክ ዕቃ የቀረበ ጥናት

የተላከ ዕቃ ወደ ተቀባዩ ቤት ይሄዳል የሚል እምነት በዓለም ላይ ሰፊ ተቀባይነት አለው። እምነቱ እንደሚለው መንገድ ስም፣ ቤት ደግሞ ቁጥር አለው፤ ዕቃ አድራሹ በር ያንኳኳል፤ ባለቤቱ ወጥቶ ይፈርማል፤ ነገሩ አለቀ። ይህ ጥናት በሸዋ ሮቢት የሚሠራው ሕግ ተቃራኒው መሆኑን ያስረዳል። እዚህ ዕቃ ወደ ሰው አይሄድም፤ ሰው ነው ወደ ዕቃ የሚሄደው። ሁለቱ በመጨረሻ መገናኘታቸው እስካሁን በቂ ማብራሪያ አላገኘም።

ስለ ጥናቱ ቦታ ጥቂት እንበል። ሸዋ ሮቢት በደሴ መንገድ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1280 ሜትር አካባቢ የተቀመጠች የቆላ ከተማ ናት። ካርቶኑ ከአዲስ አበባው ላምበረት መናኸሪያ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን ያልፋል፣ ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ ሾልኮ ደብረ ሲናን ይወርዳል፣ ከዚያም በአርማንያ በኩል ሙቀት ውስጥ ይገባል። አንድ ካርቶን በአንድ ጠዋት ጋቢም አጎበርም የሚያስመኝ አየር ያያል ማለት ነው። ይህ ለቅቤ ጉዳይ ወሳኝ ስለሆነ ኋላ እንመለስበታለን።

የጥናቱ ዘዴ ምልከታ ነው። ይኸውም አስፋልቱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጦ ዕቃ የሚጠብቁ ሰዎችን ማየት፣ ብዙውን ጊዜም ከእነሱ ጋር አብሮ መጠበቅ ነው። ናሙናው በዘፈቀደ የተመረጠ ነው። የመረጡት ሾፌሮቹ ናቸው።

ከታሪክ እንጀምር። ሸዋ ሮቢት ያለችበት ይፋት ዕቃ መጠበቅ የጀመረችው መኪና ሳይመጣ ነው። የወላስማ ሱልጣኖች ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሲገዟት፣ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋ የሚወጣውም ከደጋ የሚወርደውም ንግድ በእጇ ያልፍ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1841፣ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ ለንጉሡ ያመጣውን ስጦታ በታጁራ በኩል በግመል ጭኖ መጣ። ግመሎቹ ከአንኮበር ሥር ፋሬ ሲደርሱ ጉዞአቸው አበቃ። ዳገቱ ለግመል አይሆንምና ጭነቱ ወርዶ ለሸክም የተጠሩ የአገሬው ሰዎች ተረከቡት። የዛሬው የመኪና ረዳት «እኔ ወደ ውስጥ አልገባም፣ እዚሁ አስፋልቱ ላይ ተቀበሉኝ» ሲል የፋሬን ግመል ፈለግ እየተከተለ መሆኑን ማንም አልነገረውም።

ከዚህ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው የአርተር ራምቦ ጉዳይ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ግጥሙን ትቶ ወደ ንግድ ከገባ በኋላ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሁለት ሺህ ገደማ ጠመንጃ ሊያደርስ ተነሣ። ታጁራ ላይ ለወራት ተጉላላ። በዚያ መሃል ሸሪኩ ላባቱ ታሞ ሞተ፤ ሌላው ነጋዴ ሶሌዬም ሞተ። ራምቦ ብቻውን በረሃውን አቋርጦ በ1887 መጀመሪያ ላይ፣ አሁንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አንኮበር ደረሰ። ደንበኛው ቤት አልነበሩም። ሐረርን ሊይዙ ዘምተው ነበር። ሰውየው ዕቃውን ይዞ እስከ እንጦጦ ተከተላቸው። ንጉሡም ዋጋውን ቀነሱት፤ የሟቹን የላባቱን ዕዳ ጠየቁት፤ ክፍያውን ደግሞ ሐረር ሄደህ ከገዥው ከመኮንን ተቀበል አሉት።

በዚህ አንድ ጉዞ ውስጥ የዘመናችን ቅሬታዎች በሙሉ ተካትተዋል፤ መዘግየቱ፣ የባለቤቱ አለመገኘት፣ ዕቃው ከደረሰ በኋላ የሚጀመረው የዋጋ ክርክር፣ «ገንዘቡን እዚያ ሂድና ውሰድ» የሚለው መልስ። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። ራምቦ ስልክ ስላልነበረው ፋሬ ሆኖ «አንኮበር ገብቻለሁ» የማለት ዕድል አላገኘም።

ፖስታ በ1886 ዓ.ም. በምኒልክ ዘመን ሲቋቋም ነገሩ ሊስተካከል ይችል ነበር። በዚያ ጊዜ መልእክተኛ ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ በእግሩ ይገሰግስ ነበር፤ የሚፈልገውም ሰውየውን እንጂ ቤቱን አልነበረም። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ቀጥሎ የመጣው ግን የፖስታ ሣጥን ነው። ደብዳቤው ፖስታ ቤት ግድግዳ ላይ ባለች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ባለቤቱም ሄዶ ይከፍታል። ሰው ወደ ዕቃ ይሄዳል የሚለው ሕግ በዚህ ጊዜ ቁልፍ ተበጀለት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ላኪው ላምበረት ካርቶን ተሸክሞ ይመጣል። ካርቶኑ ላይ የፓስታ ወይም የሳሙና ስም ታትሟል፤ ውስጡ ያለው ፓስታም ሳሙናም አይደለም። በፕላስተር ዙሪያውን ተጠቅልሏል። ላዩ ላይ በማርከር ስምና ስልክ ቁጥር፣ ከሥሩ «ሸዋ ሮቢት» ተብሎ ተጽፏል። አድራሻው አለቀ። ረዳቱ ካርቶኑን አንሥቶ ይመዝነዋል፤ ሚዛኑ ክንዱ ነው። ቀጥሎ የላኪውን ፊት ይመዝናል፤ ዋጋው የሚወጣው ከሁለተኛው ሚዛን ነው። ደረሰኝ አይቆረጥም። በደረሰኝ ፈንታ ላኪው የመኪናውን ታርጋ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልካል፤ የረዳቱን ስልክ ያስከትላል። «በአደራ» ይላል። ረዳቱ «ችግር የለም» ይላል። ውሉ ይኸው ነው። የሕግ ሰው ቢያየው ምስክር የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ ካሳ የሚባል ነገር አይታወቅበትም። የሚከበረው ግን አራት ማኅተም ካለባቸው ውሎች በተሻለ ነው፤ ይህን ስል ፍርድ ቤት ደጅ የዋለ ሁሉ ይፈርምልኛል።

የጥናቱ ዋና ግኝት የሚከተለው ነው። ረዳቱ በስልክ ያለበት ቦታና መኪናው ያለበት ቦታ አንድ አይደሉም። ረዳቱ በስልክ ደብረ ሲና ሲሆን መኪናው ደብረ ብርሃን ቁርስ ላይ ነው። በስልክ አርማንያን ሲያልፍ መኪናው ጣርማ በር ጉም ውስጥ መብራት አብርቶ እየዳኸ ነው። በስልክ «ሮቢት ገባሁ፣ ውጪ» ሲል መኪናው ደብረ ሲና ቆሞ ተሳፋሪው በመስኮት ቆሎ እየገዛ ነው፤ የደብረ ሲና ቆሎ ደግሞ ሳይቀመስ አይገዛም። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት ወደ ከተማዋ በተጠጉ ቁጥር እየጠበበ ይመጣል። መኪናው በእውነት ሲደርስ ግን ስልኩ አይነሣም።

ተቀባዮች ይህን ስለሚያውቁ የራሳቸውን ስሌት ሠርተዋል። «ገባሁ» ከተባለ እንጀራው ተጋግሮ ያልቃል፤ «በቃ ደረስን» ከተባለ ቡና ሁለተኛው ድረስ ይጠጣል። ለእንግዳ ሰው ይህን የሚነግረው የለም። እንግዳ ሰው በመጀመሪያው «ገባሁ» ሮጦ ወጥቶ በግንቦት ፀሐይ አስፋልት ዳር ሲቆም ይታያል፤ ከሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ማንም ምንም አይለውም።

ወደ ከሚሴና ወደ ደሴ የሚያልፍ መኪና ለካርቶን ብሎ ብዙ አይቆምም። ሞተሩ ሳይጠፋ ረዳቱ ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል። የሚፈለገው ዕቃ ምን ጊዜም ከሥር ነው፤ ከላይ የሚገኝበት አጋጣሚ በጥናቱ ወቅት አልታየም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሸረጡ አንዲት እናት ከታች ሆነው ይጣራሉ።

«የኔን ልጅ፣ ዕቃዬን!»

«ምንድን ነው ዕቃዎ፣ እማማ?»

«ካርቶን።»

«ሁሉም ካርቶን ነው እኮ።»

«ልጄ ነው የላከልኝ፣ ከአዲስ አበባ።»

«ሁሉም ከአዲስ አበባ ነው፣ እማማ።»

ምርመራው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ይሸጋገራል። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ቁጢጥ ብሎ አንዱ ካርቶን ላይ ያለውን ቁጥር ይደውልና ጆሮውን ይጥላል። የሴትየዋ መቀነት ውስጥ ስልክ ይጮኻል። «እንኩ፣ የእርስዎ ነው።» መታወቂያ አልተጠየቀም፣ ፊርማ የለም፣ የይለፍ ቃል የለም። የዓለም ታላላቅ ባንኮች ለዚህ ሥራ ሚስጥር ቁጥር በመልእክት ይልካሉ፤ እዚህ መጥራቱ ብቻ በቂ ነው። እናትየው «መንገዱን ጨርቅ ያርግላችሁ» ብለው መርቀው ካርቶኑን ያቅፋሉ፤ መኪናው ከምርቃቱ በፊት ሄዷል።

ረዳቱ ሳያስታውስ ሲቀር ካርቶኑ ጉዞውን ይቀጥላል። ሰንበቴን ያያል፣ አጣዬን ያያል፣ ኮምቦልቻ ይገባል፣ ደሴ ያድራል። ባለቤቱ አንድም ቀን ደሴን ያላየ ሊሆን ይችላል። ስልክ ሲደወል መልሱ «ወላሂ ረሳሁት፣ ነገ ስመለስ ይዤው እወርዳለሁ» ነው። ይህን የሰማ ባዕድ ዕቃው ጠፋ ብሎ ያለቅሳል። ማልቀስ አያስፈልግም፤ በማግስቱ ይመጣል። አንዳንዱ እንዲያውም ላኪው ካሰረው የተሻለ ገመድ ታስሮ ይመጣል፤ ማን እንዳሰረው አይታወቅም።

ወደ ቅቤው እንመለስ። የደጋ ዘመድ ቅቤ ሲልክ ብርድ ላይ ሆኖ ነው የሚያስበው። ደብረ ብርሃን ላይ ድንጋይ የሆነ ቅቤ በፌስታል ተቋጥሮ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ጣርማ በር ላይ ጠንካራነቱ ይጨምራል። ከደብረ ሲና ቁልቁል ግን ላብ ይጀምረዋል፤ ሮቢት ሲደርስ የካርቶኑ ታች ጠቁሮ፣ ከጎኑ ያለው የሌላ ሰው የልብስ ሻንጣ ወዝቶ፣ መኪናው በሙሉ የዓመት በዓል ቤት ሸቷል። ረዳቱ «ይሄ ቅቤ የማነው?» ብሎ ይጮኻል። በዚህ ቅጽበት የሚደረገው ምልከታ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ዕቃ ከፈሰሰ ባለቤት የለውም። የተቆጣው የሻንጣው ባለቤት ራቅ ብሎ ከሄደ በኋላ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ተጠግቶ «እስቲ ያቺን ካርቶን ልያት» ይላል።

ወደ ላይ የሚሄደው ጭነት በአንጻሩ ቅሬታ አይበዛበትም። የዙሪያው የቀወት ወረዳ ማንጎና ፓፓያ፣ ሽንኩርቱ፣ ማሾው በማዳበሪያ ተሰፍቶ አዲስ አበባ ላለው ተማሪ ልጅ ይላካል። ሲነሣ ያልበሰለው ማንጎ ሲደርስ ደህና ሆኖ ይገኛል። መዘግየት የሚጠቅመው ብቸኛው ዕቃ ይህ ነው።

ከአስፋልቱ እስከ ቤት ያለው ርቀት የባጃጅ ነው። ባጃጁ ተቀባይ በሌለበት ዕቃ ሲያደርስ የሚሰጠው አቅጣጫ ለሳይንስ አስቸጋሪ ነው። «ከመስጊዱ ዝቅ ብለህ፣ ማንጎ ያለበት ግቢ» ይባላል፤ ማንጎ የሌለበት ግቢ ቢባል ይቀላል። የባጃጁ ልጅ ሦስት ግቢ አንኳኩቶ ሲሰለቸው ስልኩን ትቶ መንገደኛ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀው ቤቱን ሳይሆን ሰውየው የማን ልጅ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ ወዲያው ይገኛል። ባለቤቱ ከሌለ ጎረቤት ይቀበላል፣ የባጃጁንም ሒሳብ ይከፍላል። ማታ ባለቤቱ ሲመጣ ካርቶኑ ሳይከፈት ውስጡ ያለው ሁሉ ሰፈሩ ዘንድ ይታወቃል፤ ይህ እንዴት እንደሚሆን ለቀጣይ ጥናት ተትቷል።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን እንደሚነግሩን በዚያ አገር ባለቤት ከሌለ ዕቃው በር ላይ ተጥሎ ይኬዳል፤ ሌባም እየዞረ ይለቅማል፤ ሰዎች ለዚህ ብለው በራቸው ላይ ካሜራ ይሰቅላሉ። በሸዋ ሮቢት ከበር ላይ የተሰረቀ ካርቶን በጥናቱ አልተመዘገበም። በር ላይ የደረሰም ጥቂት ነው።

ለመዘግየት ከሚሰጡት ምክንያቶች ተቀባይ የማይከራከርበት አንድ ብቻ አለ። «መንገድ ተዘግቷል» ከተባለ ማንም ለምን አይልም፣ ረዳቱንም አይሰድብም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም መንገዱ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ ተፈራርቋል። በነዚያ ቀናት የሚደወለው ካርቶኑን ለመጠየቅ ሳይሆን ሾፌሩን ለመጠየቅ ነው። የት እንዳደሩ ይጠየቃል። ካርቶኑ ከተነሣም በመጨረሻ ነው።

ይህ ሥርዓት ይሻሻል የሚሉ ይኖራሉ፤ ለየቤቱ ቁጥር፣ ለየመንገዱ ስም ይሰጥ ይላሉ። አጥኚው አይቃወምም። ቁጥሩ ሲመጣ ግን ባጃጁ «17 ቁጥር» ተብሎ ሲላክ «የማን ቤት ነው እሱ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ከወዲሁ ያስመዘግባል።

እስከዚያው ለላኪዎች፦ ስልክ ቁጥሩን በካርቶኑ በሁለት በኩል ጻፉ፤ አንዱን ፕላስተር ይሸፍነዋል። ቅቤ ከሆነ አንጥራችሁ በጄሪካን ላኩ። ታርጋውን ስታነሡ ጣታችሁ የመጨረሻዋን ቁጥር አይጋርዳት። ለተቀባዮች፦ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ፤ ሲጠራም ቶሎ አንሡ። ረዳቱ ከሁለት ጊዜ በላይ አይደውልም።