ከድንጋዩ በፊት እግር

ሳንሱሲ ወንጭፍ የሚታይበት ሰፈር አይደለም። ከአስኮ ወደ ቡራዩ የሚወጣው መንገድ በሲኖትራክና በሚኒባስ ተጨናንቆ ነው የሚውለው። አጎቴ ግን ከሸዋ ሮቢት ሊጠይቁን ሲመጡ ከቃጫ የተገመደ ወንጭፋቸውን ኪሳቸው ከተው መጡ። ዕድሜያቸውን በማሽላ ማሳ መሀል ማማ ላይ ቆመው ግሪሳና ዝንጀሮ ሲከላከሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ የእህቴ ልጅ ወንጭፉን ይዞ ከግቢ ወጣ። ድንጋይ አጉርሶ ከአናቱ በላይ ደጋግሞ አሽከረከረና ለቀቀው። ያነጣጠረው ወደ ባዶው ሜዳ ነበር፤ ድንጋዩ ግን ወደ ኋላ በርሮ የጎረቤታችንን የእማማን ቆርቆሮ በሳው። እማማ ነጠላቸውን እየጎተቱ እየጮሁ ወጡ፤ እኛም ቡናውን ጥለን ግልብጥ አልን።

አጎቴ በመጀመሪያ እማማን ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩና እግሩን አዩ። “ማሙሽ፣ እንዴት ነበር የቆምከው?” ልጁ ሁለት እግሩን ገጥሞ ቆሞ አሳያቸው። “በል፣ ግራ እግርህን አስቀድም። ትከሻህን አዙር። አንዴ አዙረህ ልቀቅ፤ ማብዛቱ ክንድ ከማድከም በቀር አይረባም።”

ወንጭፍ ሁለት ገመድ አለው። የአንዱ ቀለበት ጣት ላይ ይጠልቃል፤ የሌላው ጫፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዛል፤ የሚለቀቀው ይኸኛው ነው። ድንጋዩ በተለቀቀባት ቅጽበት ይዞት የነበረውን አቅጣጫ ይዞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በሰከንድ ሦስት ጊዜ የሚዞር ወንጭፍ በሰከንድ አንድ መቶኛ ብቻ ቢዘገይ፣ ድንጋዩ 11 ዲግሪ ገደማ ይስታል፤ 50 ሜትር ላይ ያለውን ዒላማ ወደ 10 ሜትር ያህል ስቶት ያልፋል ማለት ነው። ይህችን ቅጽበት በጉልበት የሚይዛት የለም፤ የምትያዘው በአቋም ነው። ቀስተኛ ይሻላል፤ ደጋኑን በሳበ ቁጥር እጁን አገጩ ወይም የከንፈሩ ጥግ ላይ ያሳርፋል። ወንጭፍ ወርዋሪ ግን እግሩና ትከሻው ካልመሩት ምንም ማረፊያ የለውም።

ወንጭፍ ሲነሳ ሁላችንም ዳዊትን እንጠራለን፤ የአንድ ቀን ተአምርም ይመስለናል። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 20 ላይ ግን ጠጉር እንኳ የማይስቱ 700 ግራኝ ብንያማውያን አሉ። ሰባት መቶ ሰው ያለ ልምምድ እንዲህ አይሆንም። በጥንት የባሊያሪክ ደሴቶች ደግሞ እናቶች ልጆቻቸውን ያስለመዱት ዳቦአቸውን ከፍ አድርገው ሰቅለው ነው ይባላል፤ በወንጭፍ ያልመታው አይበላም ነበር።

እማማ “ይሄ ነገር ከሰፈር ይውጣልኝ” አሉ። ለቆርቆሮው እውነት አላቸው፤ ቆርቆሮውንም ለውጠንላቸዋል። ወንጭፉ ከልጁ ይወሰድ ሲሉ ግን አልተስማማሁም። ቢወሰድበት ከጫማ ማሰሪያ ሌላ ሠርቶ፣ ያንኑ እግሩን ገጥሞ ነው የሚወረውረው። እማማ እሺ ያሉት አጎቴ በመሀል ገብተው ነው፤ ግቢ ውስጥ ባዶውን ያዞራል፣ ድንጋይ የሚያጎርሰው ቤት የሌለበት ሜዳ ላይ ብቻ፣ ያውም ትልቅ ሰው አብሮት ሲቆም።