ምድጃዬን አፍርሳችሁ ምን ልታለብሱት?

ኧረ የዘንድሮ ልጆች! ነፋስ መውጫ ተቀምጦ ምድጃ የሚያፈርስ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ዕድሜ ደጉ ከገዛ ልጆቼ አሳየኝ። ከተማችን ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ስሟን ያወጣላት ነፋስም እስካሁን ጡረታ አልወጣም። የጉና ተራራ ብርዱን በላይ በላይ ሲልክብን እኔን ያቆየኝ ይኸው በጭቃና በጭድ የተለሰነ ምድጃ ነው። አሁን "አባዬ፣ ጊዜው አልፎበታል፤ እሱን አፍርሰን ቡታጋዝ እናስገባለን" ይሉኛል።

ይሁን፤ ጭሱ ዓይኔን እንደጨረሰው አልክድም። የጤና ኤክስቴንሽኗም እ.ኤ.አ. በ2020 የቤት ውስጥ ጭስ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው ሳይገድል እንዳልቀረ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል ብላ አስደንግጣኛለች። "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ብዬ ብከራከርም ምራቴ አልሰማችኝም። እሺ፣ እሳቱን ቀይሩ! እኔን የሚያንገበግበኝ ዙሪያው ነው።

እነሱን ያሳሰባቸው ውበት ብቻ ነው። የድንጋዩንና የጭቃውን ልስን ፈንቅለው በቺፕውድ ሊያለብሱት፣ ከላይ የማዳበሪያ ኮርኒስ ሊወጥሩበት፣ ከጎን መሬት የሚጠርግ መጋረጃ ሊሰቅሉበት! የናቃችሁት ጭቃ እኮ አይቃጠልም። ቺፕውድ፣ መጋረጃና ማዳበሪያ እሳት ዳር ከዋሉ ማገዶ ናቸው፤ ማገዶ ደግሞ ቀለም ስለተቀባ ማገዶነቱን አይተውም።

ይህ ሳያንስ ብርድ አስገባ ብለው የጭስ መውጫውን በጨርቅ ወተፉት። "ቡታጋዝ ጭስ የለውም" ይሉኛል። አየር ግን ይበላል! አየር ሲያጥረው ነበልባሉ ሰማያዊነቱን ትቶ ቢጫ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሽታም መልክም የሌለው መርዝ ይለቃል። ከሰል አንድዶ፣ በር ዘግቶ ተኝቶ የቀረውን ሰው የገደለው ይኸው መርዝ ነው።

ሲሊንደሩንማ ምድጃው ሥር ባለው ጉድጓድ ሊወሽቁት ነበር። ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ወለሉ ላይ እንደ ሰነፍ ውሻ ተዘርግቶ ይተኛል፣ ክብሪት ሲጫር ብቻ ብድግ ይላል። ሽታውን የጨመሩበት እኮ አፍንጫ ያለው ሰው እንዲነቃ ነው! ሲሸት ሲሊንደሩን መዝጋት፣ በሩን መበርገድ፣ መብራትም አለመንካት ነው። የልጅ ልጄ ግን ማፍሰስ አለማፍሰሱን በክብሪት ሊፈትሸው ተነሣ። አንተ ልጅ፣ የሳሙና አረፋ ምን ሊሠራ ተፈጠረ? ጎማውና መጋጠሚያው ላይ ቀባው፤ ከተኩረፈረፈ ያፈሳል።

ደግሞ ብርድ ሲጠና ጋዙ ይለግማል። ቡቴን የሚሉት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ያቅተዋል፤ እሱም እንደኛ ብርድ ይፈራል። ታዲያ ሲሊንደሩን እሳት አጠገብ አምጥቶ የሚያሞቅ ጀግና እንዳለ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለውን ጀግና እግዜር ከጎረቤቴ ያርቅልኝ።

እናንተ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ እኩዮቼ፣ ልጆቻችሁ ቡታጋዝ ይዘው ሲመጡ አትከልክሏቸው፤ ጭሱ ይበቃናል። ግን ዙሪያው ድንጋይ፣ ጡብ ወይም ጭቃ ሳይሆን፣ አየር ከላይም ከታችም መግቢያ ሳያገኝ፣ ሲሊንደሩም ከነበልባሉ ርቆ ቀጥ ብሎ ሳይቆም "መርቁልን" ካሏችሁ፣ ምርቃቱን ያዙባቸው።