ስለ ሦስት ማዕዘን ሊጥ የቀረበ መጠነኛ ጥናት

በሐረር አሮጌ ከተማ በጁገል ውስጥ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የዋለ ወጣት በረመዳን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብድግ ብሎ ማድቤት ሲገባ ምክንያቱ ረሃብ ነው ብሎ መደምደም ለሳይንስ አይበጅም። ረሃቡማ ከንጋት ጀምሮ አብሮት ነበር። አዲስ የመጣው ጨዋታው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጄንሺን ኢምፓክት ሰይፍ ያነገቱ ጀግኖቹን ምግብ ያሠራቸዋል፤ ከሚሠሩትም አንዱ በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ሽሪምፕ ነው። ልጁ ሥዕሉን ለእናቱ አሳየ።

«ሳምቡሳ ነው» አለች።

«ኡሚ፣ ይሄ እኮ በእንፋሎት ነው የሚበስለው።»

«ዘይት ተወዶባቸው ይሆናል።»

በዘርፉ እስካሁን ከቀረቡት ምደባዎች ይህን ያህል አጭርና የማያዳግም አላገኘንም።

የታሪክ ማስረጃውም እናትየውን ይደግፋል። የሳምቡሳ ዘመዶች በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ ተመዝግበዋል። ተጓዡ ኢብን ባቱታ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘይላ ወደብ ወርዶ፣ የዓሣውና የታረደው ግመል ሽታ ቢከብደው ባሕሩ እየተናወጠ መርከቡ ላይ አደረ። በኋላ ሳምቡሳን ዴልሂ ቤተ መንግሥት አግኝቶ ጻፈለት። አንድ ሌሊት ታግሶ ሽቅብ ወደ ሐረር ቢወጣ ኖሮ ጥናታችን ባጠረ ነበር።

ወደ ዘዴው እንለፍ። በጄንሺን አንድ ጠቋሚ በቅስት ላይ ይሮጣል፤ ወርቃማው ቦታ ሲደርስ ከተጫንክ ምግቡ ግሩም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የዜልዳ ጨዋታ ደግሞ እስከ አምስት ነገር ድስት ውስጥ ይወረወራል፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ አለቀ። የተበላሸ እንደሆነም ጨዋታው ሥዕሉን አደብዝዞ ነውሩን ይሸፍንለታል። የሐረር ማድቤት እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለውም።

በሁለቱም ጨዋታዎች ሽንኩርት የሚከትፍ አላየንም። የሚዳምጥም የለም። በጁገል ግን ሁለት ሦስት ድቡልቡል ሊጥ በመካከላቸው ዘይትና ዱቄት ተነስንሶ፣ ተደራርበው አንድ ላይ ይዳመጣሉ፤ ምጣድ ላይ ሞቅ ብለው ሳይደርቁ ይነሡና ጣት እያቃጠሉ ይላቀቃሉ። ከዚያ ይቆረጣሉ። ቁራጩ በግራ መዳፍ ላይ ይጠቀለልና ቀንድ ይሠራል፤ ምስሩ ከነቃሪያው በማንኪያ ይገባል፤ ክዳኑ ታጥፎ በውኃ በተበጠበጠ ዱቄት ይለጠፋል። ፈተናው ያለው ጫፉ ላይ ነው። የመርፌ ቀዳዳ ታህል ክፍተት ከቀረች ምስሩ ዘይቱ ውስጥ ይበተናል፣ ያራል፣ ቀጥሎ የሚገባውንም ሁሉ ያጠቁራል። እናትየው ጫፉን ሳታየው በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋ ታልፋለች። ይህን እንቅስቃሴ ወደ አዝራር የለወጠ ኩባንያ እስካሁን አልገጠመንም።

የመለኪያ ሥርዓቱም ጥብቅ ነው። ጨው ስንት? «እስኪበቃው።» መቼ ይወጣል? «ሲደርስ።» ልብ ይባል፣ ሴትዮዋ ጾመኛ ነችና አትቀምስም። መብቃቱን በምን እንዳወቀች ስትጠየቅ ጠያቂውን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ እኛም መልሱን እንደ ተሟላ ቆጥረነዋል።

የሥጋ ሳምቡሳ የፈለገ ጀግና ደግሞ ወደ ሥጋ መሸጫው ግድር መጋላ መሄድ ይኖርበታል። እዚያ ጭልፊቶች ከላይ እያንዣበቡ የሸማቹን ሥጋ ከእጁ ነጥቀው ይሄዳሉ። በጨዋታ ቋንቋ ይህ ጠላት ይባላል፤ በሐረር ደግሞ ገበያ ይባላል።

ሰዓት ቆጣሪው አዛን ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችን ቆጥሯል፤ ስለዚህ አልሰማሁም ማለት አያዋጣም። ጨዋታው «እንደገና ሞክር» ይላል። መግሪብ አይልም። አዛን ሲባል ሳምቡሳው ከቴምሩና ከሹርባው ጎን ካልተገኘ ወርቃማው ቦታ አልፏል፤ ጎረቤትም ያውቃል።

ስለ ገለልተኛ ግምገማ አንድ ቃል እንጨምር፤ ሐረር በዚህ ረገድ ከብዙ ዩኒቨርሲቲ ትበልጣለች። በዓሹራ በዓል ገንፎ ከነቅቤው ለጅቦች ይቀርባል፤ ደህና አድርገው ከበሉ ዘመኑ መልካም ይሆናል፣ ከናቁት ያሳስባል። ልጁ ራሱ የጠቀለለውን ሳምቡሳም ለእነዚህ ገምጋሚዎች ለማቅረብ ታስቦ ነበር። ነገር ግን አንደኛ፣ የለመዱት ገንፎ ነው። ሁለተኛ፣ ጅቦቹ የሚመጡት ከመሸ ነው፤ ታናናሽ እኅቶቹ ግን ሁሉንም፣ ጫፋቸው የተቀደደውንም ጭምር፣ አዛኑ ሳያልቅ ጨርሰውታል።