የሰው ሞተር መግደያ

የመቂ ወይም የፎገራ ሽንኩርት አምራች ማሳው እየተሰነጠቀ የቆመ የውኃ ሞተር ተሸክሞ ሲመጣ፣ ገና ሳትፈታው «አይዞዎት አባባ፣ ይቺ ናት እንዴ?» በል። የካርቡሬተሩ ጓርኒሲዮን ተበልቶ ካገኘኸው ጎሚስታው ዘንድ ልከህ የአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭ አስመጣ፤ በመቀስ ቆርጠህ ግጠም። ላስቲኩ ቤንዚን ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ የአየሩን መንገድ ያጠባል። እስከዚያ ሒሳብህን ተቀብለሃል።

ካላማዳሪ ከጠፋ ሲሊኮን አለ። ወፍራም አድርገህ ለብጠው። ቤንዚን የነካው ሲሊኮን እየተላቀቀ ወደ ውስጥ ይሳባል።

በካርቡሬተሩና በሲሊንደሩ መካከል የምትገባው ጥቁር ወፍራም ክፍል ተሰንጥቃ ከሆነ ደግሞ ከአሉሚኒየም ቅረጽላት። አሉሚኒየም እስከ 660 ዲግሪ አይቀልጥም፤ ማን ይከራከርሃል? ሲሊንደሩ ሲግል ሙቀቱን በቀጥታ ያሻግራል፣ ቤንዚኑ ካርቡሬተሩ ውስጥ ይፈላል፣ የጋለ ሞተር አንዴ ከጠፋ አልነሳም ይላል። ያኔ «ነዳጁ ውኃ አለበት» ብለህ ማደያውን ስደብ። ኧረ ሰውዬ፣ ያቺ ክፍል እኮ የተሠራችው ሙቀት እንዳታሳልፍ ነው! ስንቴ ይነገር?

ይሁን፣ እንቀጥል። ከካርቡሬተሩ ወደ ሲሊንደሩ የሚወስደውን መሳቢያ ክርን ከውኃ ቧንቧ ፕላስቲክ በእሳት አጥፈህ ሥራው። ፕላስቲኩ 80 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ዘመናዊ ነኝ ካልክ በ3ዲ ማተሚያ አሳትመው፤ ብዙዎች የሚያትሙበት ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ በ60 ዲግሪ ገደማ ይለሰልስልሃል። ከዚያ በየስንጥቁ አየር ይገባል፣ ነዳጁ ይቀጥናል፣ ሞተሩ ነዳጅ መስጫው ሳይነካ ይጮኻል። «ጉልበት ጨመረ!» ብለህ አብረህ ጩኽ። ሞተሩ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር የሚጠጣ ዓይነት ከሆነማ ቤንዚኑ ሲያንስ ዘይቱም ያንሳል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ፍቆ ይነክሳል።

ለአየር ማጣሪያ የፍራሽ ስፖንጅ ይበቃል።

እውነቱን ከፈለግህ ግን ቤንዚን የሚችል የጓርኒሲዮን ወረቀት በሉህ ይሸጣል። ቤንዚን የሚችል ናይትራይል የሚባል ላስቲክም አለ። በተሰነጠቀችው ጥቁር ክፍል ምትክም ተለክታ የምትገጥም አዲስ ትገኛለች፤ ሰው እንጀራውን ይዞ ደጅህ ቆሟል፣ እንዴት ይሄ አይታይህም?

አንተ ግን አትግዛ። ካላማዳሪው በነጻ ነው፤ ሽንኩርቱ እንደሆነ ያንተ አይደለም።